ለአባ ይባቤ ያደረግሁት ሚስኮል

ልጄ ሜሮን ባለፈው ኅዳር ሞተች። ሁለት ዓመቷ ነበር።

ልጅ ሳለሁ፣ አርብ ገበያ አጠገብ ባለው ቀያችን፣ የንስሐ አባታችን አባ ይባቤ ማታ ማታ ምድጃችን ዳር ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበ፣ ፍሙ ጋቢያቸውን እያቀላው እናዳምጣቸው ነበር። ያኔ ሞባይል ለእኛ ብርቅ ነው። እሳቸው ግን ከቅዳሴ በኋላ ቁጥራቸውን ለሕዝቡ ነገሩ። የጨነቀው ሁሉ ሚስኮል ያድርግ፣ ካርድ ባይኖረውም መልሼ እደውላለሁ አሉ። እንዲህ ያደረገ ካህን ከዚያ በፊት አላየንም።

«አባ፣ ንስሐም በካርድ ሆነ?» ብሎ አጎቴ ቀለደባቸው።

«ንስሐውስ ደጀ ሰላም ነው። በስልክ የማዳምጠው ሰውየው እስከዚያ እንዲቆይልኝ ነው» አሉት።

ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ቤት ውስጥ ስልኩ ይጠራል እንጂ የደዋዩ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ በጠራ ቁጥር ተረቱን አቋርጠው ከቤታችን ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ይወጡ ነበር።

አንድ ማታ በሬው ገደል ስለገባበት ገበሬ እያወሩልን ነበር። ገበሬው ጎረቤት እንዳይስቅበት ሰው ሳይጣራ ብቻውን ወረደ። እኔ አባ በዝናብም ቢሆን ይወጣሉ ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርጄ ነበርና፣ አጎቴ ያመጣውን፣ ቁጥሩን ገና ማንም የማያውቀውን ስልክ ይዤ ወጣሁ። ሚስኮል አድርጌ ስልኩን ጨርሶ አጠፋሁትና ተመልሼ ተቀመጥሁ። አባ ተነሡ። ውጭ ዝናብ ነበር። እሳቱ ከስሞ ዐመድ እስኪሆን ጉብታው ላይ ሲደውሉ ቆዩ። ሲመለሱ ከጋቢያቸው ውኃ ይንጠፈጠፍ ነበር፤ ተረቱን አልጨረሱትም።

እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«በዝናቡ ማታ የደወልህልኝ ሰው፣ ሳልደርስልህ ቀረሁ። ይቅር በለኝ» አሉ።

ከእናቴ ጀርባ ተሸሽጌ ነበር።

ሜሮንን ከቀበርን ወዲህ ባለቤቴ ለአባ ደውል እያለች ትለምነኛለች። ቁጥራቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን በየትኛው አፌ? ከዚያ ሁሉ ማታ የቀረኝ አንድ ያላለቀ ተረትና አንድ የማይገባኝ ይቅርታ ነው። ያ ገበሬ ተጣርቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቀያችን በታች ባለው ገደል አፋፍ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ለምን እንደሄድሁ ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ብዙ ከቆየሁ በኋላ ስልኬን አወጣሁና አንድ ጊዜ አስጠርቼ ዘጋሁት።

ወዲያው ጠራ። በእጄ ይዤ አየሁት። ከዚያ አነሣሁት።

«አቤት ልጄ፣ ማን ልበል?» ድምፃቸው አርጅቷል፤ ያለከልካሉ።

«አባ፣ በዝናቡ ማታ ስልኩን ያጠፋሁብዎ እኔ ነኝ» አልኋቸው።