በአንድ ቤት ስንት ሰው?

አባቴ ሠላሳ ዓመት የውሃ ቧንቧ ሲዘረጋና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ወጣ፤ እናቴም ካረፈች ወዲህ ብቻውን ቀረ። «እኛ ጋ ና» ብዬ ያልለመንኩበት ቀን የለም። መልሱ ግን አንድ ነው፦ «ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ አራት ናችሁ። እኔ ስጨመር እበዛለሁ።» ግትርነቱስ! ከእሱ ድንጋይ ይሻላል።

ባለቤቴ አዘነለትና አሮጌው ኮምፒውተራችን ላይ ከተማ የሚገነቡበት ጌም ጭኖ ወሰደለት። በሳምንቱ አባዬ ደወለ።

«ይሄ ጨዋታ ውሸታም ነው! ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ይኖራል ይለኛል። ስንቱን ፎቅ ቧንቧ ተሸክሜ ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማንን ነው የሚያታልለው?»

ባለቤቴም የነዋሪውን ቁጥር እንደልብ የሚያስተካክል፣ ተጫዋቾቹ «ሞድ» የሚሉትን ጫነለት። አባዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በየቤቱ ሰባት ሰባት ሰው አስገባ። ከተማው ውሃ አጣ፣ መንገዱ ተዘጋጋ። ደንግጦ ቁጥሩን ወደ ሦስት አወረደው። ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ ምሳውን ሳይነካ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምን ሆነሃል አባዬ?»

«ሃያ ሺህ ሰው ቤት አጥቶ ከከተማው ወጣ። በዚች በአንድ ጣቴ!»

«ጌም እኮ ነው!» ብዬ ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም። ሰባቱን መለሰና ቧንቧውን ሰፈር በሰፈር በወፍራም ይቀይር ጀመር።

«ሰው አይበዛም ልጄ፤ የሚያንሰው ቧንቧው ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ደሜ ፈላ። «ታዲያ እኔ ቤት ሲሆን አንተ ለምን ትበዛለህ? ለማታውቃቸው ሰዎች ቧንቧ ትቀይራለህ፣ እኔ አባቴን በስልክ ልጡር?» እንባዬ ቀደመኝ።

ማውሱን አስቀመጠ። ወደ መኝታ ቤቱ ዞር ብሎ አየ።

«አልጋዬን ትቼ አልመጣም» አለ በመጨረሻ፤ «ከእናትሽ ጋር የገዛነው ነው። በበራችሁ ይገባል?»

«ይገባል!» አልኩ፣ ሳልለካ።

አልጋው አልገባም። ባለቤቴ በሩን ከነመቃኑ ነቀለው። ይኸው አራት ወራችን፤ የአባዬ ክፍል በር የለውም፣ ሲያንኮራፋ ሁላችንም እንሰማዋለን። እኔማ ካልሰማሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።