ወይዘሮ ይታየሽና ዝም ያለው ጋን

ወይዘሮ ይታየሽ የቤት አከራዬ ናቸው። ሰቆጣ ውስጥ ጠላ ሲጠምቁ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጠላ እምቢ ብሏቸው አያውቅም። ዘንድሮ ግን ለባላቸው ለመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ተዝካር የጠነሰሱት ሁለት ጊዜ ሳይፈላ ቀረ። አርባው ሊሞላ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

"ሟቹ አልፈቀደም" አሉኝ፣ ጋኑን ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ። "ተቀይሞኝ ነው የሄደ።"

ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። መሪጌታ የሚስታቸውን ጠላ ቀምሰው "ጢስ የለውም፣ ጋን ማጠን ተውሽ እንዴ?" አሉ። ወይዘሮ ይታየሽ ደግሞ ውኃ ወረፋ ቆመው ነበር የዋሉት። "ጢስ ካማረህ ምድጃው ላይ ተቀመጥ" ብለው ጋዝጊብላ ወረዳ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን የመሪጌታ መርዶ መጣባቸው።

ለዚህ ነው ለተዝካሩ ጋኑን በወይራ ሦስት ቀን ሙሉ ያጠኑት። አልፈላ ሲል "ጢሱ አነሰው" ብለው ደገሙት። ጢሱ እኔንም ከቤት አስወጣኝ።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ያለ ማይክሮስኮፕ ለሰማንያ ተማሪ ስለ ህዋስ ሳወራ ስለምውል ቤቴ ስገባ አፌን መክፈት ያስጠላኛል። ግን አንጀቴን በሉት።

"እትዬ፣ መሪጌታ ምንም አላደረጉም። እርሾውን የገደለው ጢሱ ነው።"

"ጋን ሳይታጠን ጠላ አለ?"

"እርሾው ጥቂት ጢስ ይችላል፤ ይኼ ግን መርዝ ሆነበት። ደግሞ እርሾ ሁሉ እኩል አይደለም። አንዳንዱ መርዙን የሚያከሽፍበት ዘረመል ይዞ ይፈጠራል። ሌላው ሲያልቅ እሱ ይተርፋል፤ የሚወልደውም እሱኑ ይመስላል። የተረፈውን እንፈልግ።"

አላመኑኝም፤ ለመከራከር ግን አቅም አልነበራቸውም። ከጋኑ ሥር አንድ ጭልፋ አተላ አውጥተን ባልታጠነ እንስራ ከብቅል ጋር አኖርነው። በሦስተኛው ቀን ጥቂት አረፋ አነሳ። ከዚያ በመጠኑ ወደታጠነ እንስራ፣ ቀጥሎም ይበልጥ ወደታጠነው አሳለፍነው። በየጊዜው ብዙው ሞተ፤ የቀረው ተራባ። በዘጠነኛው ቀን ያንኑ በወይራ በታጠነው ትልቁ ጋን አዲስ ጥንስስ ላይ ገለበጥነው። ያን ቀን ወይዘሮ ይታየሽ እህል አልቀመሱም። ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ለጥፈው በአገውኛ ቀስ ብለው ያወሩ ነበር። ለመሪጌታ ይሁን ለእርሾው፣ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋኑ ይንፈቀፈቃል።

"ና አሽትተው! ወይራ ወይራ ይላል፣ እሱ እንደሚወደው!" ፊታቸው በእንባ ርሷል። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ታረቀኝ!"

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! ደክሞኝ ነበር፤ ልፋቴ ለሌላ ሲቆጠር ደግሞ ከነከነኝ።

"እትዬ፣ ነገርኩዎት እኮ፤ መሪጌታ የሉበትም። ጢሱን የቻለው እርሾ ነው የተረፈው።"

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ጋኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"እንግዲያ" አሉ፣ "የታረቀኝም እሱ አይደለማ።"