የአዝራሩ ጨርቅና ከቤሌ የመጣው ዘይት

በቤታችን ውስጥ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ አለ። ሁለት ቁራጭ ነው፤ በአንዱ ላይ አዝራሮች፣ በሌላው ላይ ቀዳዳዎች በረድፍ ተሠርተዋል። ከላይ በካፖርት አዝራር ይጀምርና ወደ ታች እያነሰ ሄዶ በሕፃን ሸሚዝ አዝራር ያልቃል። አንዷ ጎረቤታችን "ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ልብስ ነው? እጅጌ የለው፣ አንገት የለው!" ብላ ስቃብኛለች። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አመሰግናለሁ። ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ቢሆንም ይህን ሳልጽፍ መቅረት አልፈለግሁም።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሶዶ፣ ገበያው አካባቢ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ከስፌት መኪናዬ ጋር አብረን አርጅተናል። ባለቤቴ የጉኑኖ ገበሬ ልጅ ናት። በትዳራችን ወሬው የእሷ፣ ማዳመጡ የእኔ ነበር፤ ሁለታችንም ደስ ብሎን። ታዲያ በበልግ ዝናብ ማግስት፣ ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ወደቀች። በባጃጅ አጣድፈን ሆስፒታል አደረስናት። ስትሮክ ነው አሉን፤ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ተዘግቶ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሷ ተረፈች። ቀኝ እጇና አንደበቷ ግን አብረዋት ወደ ቤት አልተመለሱም።

አንድ ቃል ብቻ ቀረላት፤ "ሃታ"። በወላይትኛ ውሃ ማለት ነው። ሲርባት ሃታ፣ ሲበርዳት ሃታ፣ እኔን ስትጠራኝም ሃታ። ውሃ ይዤ ስመጣ በግራ እጇ ገፍታው ታለቅሳለች። እኛም መስሎን፣ ደክማለች ብለን፣ ቀኝ እጇን በጋቢ ጠቅልለን አስተኛነው። ገንፎውን እኔ አጎርሳታለሁ፣ ፀጉሯን ልጄ ታበጥርላታለች፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም እየመጡ ይጸልዩላታል። እሷ አንዲት ነገር እንድትነካ አንፈቅድም ነበር። ፍቅር መሆኑ ነው። እኔ ግን ሌት ተቀን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህች ወሬኛ ሚስቴ ዳግመኛ ታናግረኝ ይሆን?

በዚህ መሃል የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከቤሌ መጣ። እዚያ ጨውና ሳሙና የሚነግድ ሰው ነው፤ ወሬ ደግሞ በዘራቸው ነው፣ እሱ ሲገባ ቤቱ ይሞላል። በፌስታል የተጠቀለለች ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ከኪሱ አወጣ።

"ጋሼ፣ መድኃኒቷን አግኝቻለሁ!" አለኝ፣ ገና ሳይቀመጥ።

"ምንድን ነው?"

"የቅጠል ዘይት። የሞተ የአንጎል ሴል ያስነሳል። አዲስም ያበቅላል። ስልክ ላይ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ነው የተናገረው።"

ልጄ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ጠርሙሱን ተቀብላ ከፈተችና አሸተተችው።

"የምን ቅጠል ነው አጎቴ?"

"ቅጠል ነዋ። ካናቢስ ነው የሚሉት መሰለኝ።"

"አጎቴ! ጋንጃ ይዘህ ነው ከቤሌ እስከዚህ በሚኒባስ የመጣኸው?"

"ጋንጃ የሚጨስ ነው። ይሄ የሚንጠባጠብ ነው።"

"ፖሊስ ይህን ልዩነት የሚያውቅልህ ይመስልሃል?"

ባለቤቴ ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ስስቅ ግን ዓይኔ ከጠርሙሱ ላይ አልተነሳም። እውነቱን ልናገር፣ ቢሰጡኝ ያኔውኑ በምላሷ ላይ አንጠባጥብላት ነበር። "ልጄ፣" አልኳት፣ "እውነት ያስነሳል ወይ? ለእናትሽ ነውና አታድበስብሺብኝ።"

አጠገቤ ቁጭ አለችና ከአዝራር ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ውስጥ አንድ አነሳች። "አባዬ፣ አንጎላችን ራሱ ከዚህ ቅጠል ጋር የሚመሳሰል ነገር ይሠራል። ሴሎቹ ላይ ለዚያ የሚሆን መግቢያ አለ፤ የአዝራር ቀዳዳ በለው። ቀዳዳው የተሰፋው ለገዛ አዝራሩ ነው። የቅጠሉም አዝራር ግን ልኩ ስለሚቀራረብ ይገባበታል። ሁሉንም በአንድ ላይ ካናቢኖይድ ይሏቸዋል፣ የእኛንም የቅጠሉንም።"

"ሲገባስ ምን ያደርጋል?"

"ከልክ በላይ የሚጮኸውን ሴል ረጋ በል ይለዋል። ስትሮክ ሲመጣ ደም ያጡት ሴሎች ይሞታሉ። አጠገባቸው ያሉት ደግሞ ከጩኸቱ ብዛት ይከተሏቸዋል። በቤተ ሙከራ፣ በአይጥ ላይ ሲሞከር፣ ጩኸቱን ዝቅ አድርጎ ጎረቤቶቹን ያተረፈበት ጊዜ አለ።"

"አላልኳችሁም!" አጎቷ ብድግ አለ።

"ተቀመጥ አጎቴ፣ አልጨረስኩም። የጎዳበትም ጊዜ አለ። እንደ መጠኑ ነው፣ እንደ ዕድሜው ነው። በሰው ላይ፣ የእናቴ ዓይነት ሕመም ላይ ግን ይረዳል ተብሎ የተረጋገጠ ነገር የለም። የሞተውን ሴልማ ማንም አያስነሳም።"

"ያበቅላል ያለውስ?" አልኩ እኔ።

"እሱ ስቴም ሴል የሚባለውን ነው። ገና ምን እንደሚሆን ያልለየለት ሴል አለ፤ ተከፋፍሎ የነርቭ ሴል ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል።"

"ብትን ጨርቅ በይዋ" አልኩ።

ልጄ ሳቀች። "ልክ ነው አባዬ። ሱሪም ቀሚስም ይወጣዋል። መቀስ ከገባበት በኋላ ግን መመለሻ የለውም። መቀሱ መቼ ይግባ በሚለው ጉዳይ የገዛ አንጎላችን ካናቢኖይዶች እጃቸው አለበት። ከውጭ ሲጨመርስ? ባደገ አይጥ ላይ አዲስ ሴል እንዲወለድ ያገዘበት አለ። በፅንስና በልጅ አንጎል ላይ ግን ሥራውን ሊያዛባ ይችላል።"

እኔ ይህ ገባኝ። ደንበኛ ቆሞ ሲያጣድፈኝ የቆረጥኩት ጨርቅ ስንት ጊዜ አጥሮብኛል! ደግሞም ደነቀኝ። በዚህ በሽበታም ጭንቅላቴ ውስጥ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ የራሱን አዝራር እየሠራ የራሱን ቀዳዳ የሚዘጋ ልብስ ሰፊ አለ ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ መሞቴ ነበር።

ሆኖም ተስፋዬ ከጠርሙሱ ጋር ነበርና "ሐኪሙ ይየውና እሱ ይወስን" አልኩ።

"ጋሼ፣ ልታሳስረኝ ነው?" አለ አማቼ።

"የምይዘው እኔ ነኝ። ሽማግሌ አያስሩም።"

ከአማቼ ጋር ተያይዘን ሄድን። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ጠርሙሱን ሲያይ አልተቆጣም። አገላብጦ አየው፤ ምንም አልተጻፈበትም። "አባባ፣ ውስጡ ያለውን እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ፣ የሸጠውም ማወቁን እንጃ። ሕጉም አይፈቅደውም። እሳቸው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ እንዲህ ያለ ዘይት ከዚያ ጋር ሲገናኝ ደም ሊያፈስ ይችላል። አይስጧቸው" አለኝ። ፊቴ መጥቆሩን አይቶ መሰለኝ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። "እጃቸውን ምን እያሠራችኋቸው ነው?"

"ኧረ ምንም አናስነካትም!" አልኩ፣ በኩራት።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "እሱን ነው መተው ያለባችሁ። የተረፉት ሴሎች የሞቱትን ሥራ ሊማሩ ይችላሉ። የሚማሩት ግን በሥራ ነው፤ እጅ ሲንቀሳቀስ፣ አፍ ሲሞክር።" ከዚያም ፊዚዮቴራፒ የምትሠራ ሴት ጋር ላከን። እሷም የባለቤቴን ጣቶች በጥቃቅን ነገር አሠሯቸው አለችን፤ ባቄላ ማንሳት፣ ክር መጠቅለል፣ አዝራር መቆለፍ።

አዝራር ስትል አማቼ በክርኑ ጎሰመኝ።

ቤት ስንደርስ ዘይቱን ራሱ ወስዶ ሽንት ቤት ደፋው። ሲመለስ "ጠርሙሱን ግን አትጣለው ጋሼ፣ ጥሩ ጠርሙስ ነው" አለኝ። በፈላ ውሃ ታጥቦ ዛሬ መርፌዎቼን ይዞልኛል። እሱን ሳይ አማቼን አመሰግናለሁ። ያን ጠርሙስ ይዞ ባይመጣ እኔም ወደ ሐኪሙ አልሄድም፣ እጇም በጋቢ እንደተጠቀለለ ይቀር ነበር።

ያን ጨርቅ የዚያኑ ሳምንት ሰፋሁላት። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ፣ ፊታችንን ወደ ዳሞታ ተራራ አዙረን እንቀመጣለን። መጀመሪያ ጣቶቿን በጣቶቼ ይዤ ነበር የምናስገባው። ስትናደድ ትወረውረዋለች፤ እኔም ሄጄ አነሳዋለሁ። "ሃታ!" ትለኛለች ተቆጥታ። "እሺ ሃታ" እላታለሁ። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ወደ ውስጥ ሲያስገባን የካፖርቱን አዝራር ብቻዋን ትቆልፍ ነበር። ቃልም አንድ አንድ እያለ መጣ፤ የልጃችን ስም፣ ጨው፣ በር። አንድ ቀን እኔንም በስሜ ጠራችኝ፤ የያዝኩትን ስፌት ትቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ ፊቴን እንዳታይ። ሁለት ቃል ማገናኘት ግን አልቻለችም።

ጊፋታ ደረሰ፤ ዘመን መለወጫችን። አማቼ ከቤሌ ቅቤ ተሸክሞ መጣ። ለቅርጫው ሥጋ ክፍፍል ልንወጣ ስንል ባለቤቴ በእጇ ጠራችኝ። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ነበር፤ የአንገቱን አዝራር ሳልቆልፍ ቀርቻለሁ። ቀኝ እጇን ወደ አንገቴ አነሳች። ጎንበስ አልኩላት። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ አዝራሩ ትንሽ ነው፣ ያመልጣታል፣ ትይዘዋለች፣ ያመልጣታል።

አማቼ በሩ ላይ ቆሞ አላስችል አለው። "ጋሼ፣ ሥጋው እኮ አለቀ! እህቴ፣ ተይው እኔ ልቆልፍለት። ቀዳዳው ወደ ግራ ነው። ኧረ ወደ ግራ! ከፍ አድርጊው! አሁን ደግሞ ወደ..."

ባለቤቴ ዓይኗን ከአዝራሩ ላይ ሳታነሳ፣ በወላይትኛ፣ ቀስ ብላ፣ "አንተ ዝም በል፤ እኔ አውቃለሁ" አለችው።

ልጄ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። አማቼ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ነጠላውን በፊቱ ላይ ሳበ። እኔ አንገቴን ማንቀሳቀስ ስላልቻልኩ እንደጎነበስኩ ቀረሁ። አዝራሩ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚያን ቀን አማቼ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ቅርጫው ላይ ሰዎች ምን ሆነህ ነው ሲሉት በጣቱ አፉን እየነካ ወደ ቤታችን ያመለክታል፤ ድርሻችንንም በእጁ እያሳየ ነው የመረጠው። የሸሚዜ አንገት ትንሽ ጠቦኝ ነበር፤ ቢሆንም እስክተኛ ድረስ አልፈታሁትም።