ጋሼ ቆይ ያልደወሉለት ቤት

ስልኩ ሲጮኽ ኮድ እያነበበች ነበር። የጋሼ ቆይ ታናሽ ወንድም ነው። «ወንድሜ አረፈ» አላት። «እሺ» አለች። ስልኩን ዘግታ ያንኑ መስመር እንደገና አነበበች። ምንም አልገባትም።

ጋሼ ቆይን በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራ በቢሮው አልነበረም። የከተማውን አውቶቡሶች የሚከታተለውን ፕሮግራም ብዙ ቡድኖች በየፊናቸው ይጽፉታል፤ አንዱ የጻፈውን ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ፣ ሌላው ከራሱ ኮድ እየጠራ ይጠቀምበታል። ሰው ፋንክሽን ሊለውጥ እጁን ሲያነሳ ከጥግ «ቆይ! ማን ማን ይጠራዋል?» የሚል የእሳቸው ድምፅ ይመጣል። ስም በዚያው ወጣላቸው።

አዲሱ ፋንክሽን ሲመጣ አሮጌው ወዲያው አይጠፋም፤ ቢጠፋ የሚጠራው ሁሉ ሥራ ያቆማልና ጎን ለጎን ይቆያል። እሳቸው ጠሪዎቹን ቡድኖች አንድ በአንድ በስልክ ያናግራሉ። ሁሉም ወደ አዲሱ ሲዞር ብቻ አሮጌው ይሰረዛል። ኢሜይል አያምኑም ነበር።

«ጋሼ፣ ለአንድ ፋንክሽን እንዲህ የደወሉ፣ ልጅ ቢድሩ ስልኩ ይቀልጣል!» ትላቸዋለች፣ አጠገባቸው የምትቀመጠው እሷ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ሰርዢ፤ ፌርማታ ላይ የቆመው ሕዝብ ሲረግምሽ እሰማለሁ።»

የሚሰርዙት ግን አብረው ነበር። እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛዋ ይስባሉ፣ እሷ ትጫናለች።

የመጨረሻ ሥራቸው አውቶቡስ መቼ እንደሚደርስ የሚመልሰው ፋንክሽን ነበር። አሮጌው የፌርማታውን ቁጥር ብቻ ይቀበላል፤ አዲሱ አቅጣጫውንም ይጠይቃል። ታመው እስኪተኙ ድረስ ሲደውሉ ከረሙ።

ከቀብሩ በኋላ አለቃዋ «በሚቀጥለው የፕሮግራሙ እትም አሮጌው ይውጣ» አላት። ልትሰርዝ ስትል ከጥግ ድምፅ አልመጣም። ማን ማን እንደሚጠራው ራሷ ፈለገች። አንድ ጠሪ ቀርቷል፤ ማለዳ ማለዳ ይጠራል። የተመዘገበበትን ስም ስታይ የጋሼ ቆይ ቤት ነው። ለሰው ሁሉ ሲደውሉ የራሳቸውን ቤት ረስተውታል።

ልታስተካክል ሄደች። የባለቤታቸው ዓይን ደክሟል። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ጋሼ ቆይ የሠሩላቸው፣ አውቶቡስ መቼ እንደሚደርስ የምትናገር ትንሽ ሳጥን አለች። እትዬ ቁልፏን ሲጫኑ ከሳጥኗ የተቀዳው የጋሼ ቆይ ድምፅ ወጣ፦ «ቆዪ፣ አትሩጪ። አውቶቡሱ ገና ነው።»

እትዬ ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ ነበር።

«እትዬ፣ የዚህችን የይለፍ ቃል ያውቁታል? ወደ አዲሱ ካላዞርኳት ዝም ማለቷ ነው።»

«እኔ ከየት አውቄ፣ ልጄ! እሱን ጠ...» አሉና ተዉት።

የሚሆን የሚመስላትን ቃል ሁሉ ሞከረች። ሳጥኗ አልከፈት አለች። «ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልሠራት እችላለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ድምፁስ?»

እጇን ከሳጥኗ ላይ አነሳች። ሻይ አቀረቡላት፤ ሁለቱም ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።

አሁን ምሳዋን ጠረጴዛዋ ላይ ብቻዋን ትበላለች። አለቃዋ በር ላይ ብቅ ይላል።

«ያ ነገር ተሰረዘ?»

«ገና ነው። አንድ ጠሪ አለ።»

«ማን ነው እሱ ግትር? ደውዪለትና ይገላግለን!»

«እሺ» ትለዋለች።

የይለፍ ቃሉ አልተገኘም። አሮጌው ፋንክሽን እስካሁን አልተሰረዘም።