ምስክር ሲኖር የማትቆም መኪና

ኸይሩ ጀማለዲንን ሶዶ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ነጯን ፒክአፑን ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው ገበያው ዳር ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ግን ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጦ ዝንብ ማባረር የሚችል ፍጥረት አይደለም። ስኳሩን፣ ዘይቱንና ሳሙናውን ራሱ ጭኖ፣ ራሱ እየነዳ፣ በዴሳና ቢጠና ድረስ ለየሱቁ ያደርሳል። ወላይትኛውን ከአማርኛው እኩል ይናገራል፤ በመንገዱ ላይ ሰላም የማይለው ሰው የለም። ቁጣውም የታወቀ ነው። ሲቆጣ ጆሮዎቹ ይቀላሉ፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ይረሳዋል። ያልረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ከታላቅ እህቱ ከዘሐራ ጋር ያለው ቅያሜ ነው።

እናታቸው ያረፉት አምና፣ ከረመዳን ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ኸይሩ በዴሳ ነው። ዕቃውን አራግፎ እንደጨረሰ ዘሐራ ደወለች። «ኡሚ ደክማለች፤ ቶሎ ና» አለችው። ባዶ መኪና ይዞ ሲበር ወጣ። አቀበቱ መሃል ላይ፣ ሳትንገጫገጭ፣ ሳታጨስ፣ ምንም ምልክት ሳታሳይ መኪናዋ ቀጥ አለች። ቁልፉን ቢያዞር እምቢ። ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ሲበርድላት ተነሳች፤ አንድ ኩርባ ሄዳ ደግሞ ቀጥ። «አሁን ትነሳለች፣ አሁን ትነሳለች» እያለ ቀኑን አስበላት። ሶዶ ሲደርስ እናቱ አርፈው፣ ታጥበው፣ ተሰግዶባቸው፣ ተቀብረው ነበር። ጀናዛ መኪና የተበላሸበትን ሰው አይጠብቅም።

ለቅሶው ቤት ሲገባ ዘሐራ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ለስኳር አንድም ቀን አርፍደህ አታውቅም» አለችው።

«መኪናዋ ቆማብኝ…»

«ተወኝ እባክህ! መኪናህ ደህና ናት፤ ይኸው ድምፅዋን እሰማለሁ።»

እውነቷን ነው፤ ደጅ ላይ ሞተሯ እየሠራ ነበር። ኸይሩ ሲሮጥ ሲገባ ቁልፉን እንኳ አላጠፋም፤ ቀኑን ሙሉ እምቢ ስትል የዋለችው ጉድ ያኔ እንደ ሙሽራ መኪና አምሮባት ታንጎራጉራለች።

ከዚያ በኋላ እህትና ወንድም ለኢድ እንኳ ሰላም የሚባባሉት በሰው በኩል ሆነ። ጎረቤቶች «የእናትህን መቃብር እናሳይህ» ቢሉት አሻፈረኝ አለ። በመቃብሩ ላይ ድንጋይ ያስተከለችው ዘሐራ ናት፤ እሷ ቃሉን አምና፣ እጁን ይዛ ካልወሰደችው አይሄድም። ግትር ነው፣ ምን ይደረግ! እናቱ የት ጋ እንደተኙ ሳያውቅ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይህም ራሱን እንኳ ሲከነክነው ይኖራል።

እንግዲህ የቀረው መኪናዋ በእርግጥ እንደምትቆም ማሳየት ነበር። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይህች ፒክአፕ ሰው ሲያያት የማትታመም ናት! ኸይሩ ብቻውን ሲሆን አቀበቱ ላይ ትገተራለች፤ ወደ መካኒኩ ወደ መክብብ ጋራዥ ሲወስዳት ደግሞ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። መክብብ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ያስጠጋል፣ ይሰማል፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

«ኸይሩ ወንድሜ፣ ይህቺ እኮ ጤነኛ ናት።»

«አንተም ጀመርክ?»

«ኮምፒዩተሩ ምንም አላለም። እኔ ምን ልበል?»

አንድ ጊዜ እዚያው አቀበት ላይ እንደቆመች በአይሱዙ በገመድ አስጎትቶ አመጣት። እስቲ አሁን ይዋሻል ይበሉኝ ብሎ በድል አድራጊነት ነው የገባው። ገመዱ ሳይፈታ መክብብ ቁልፉን አዞረ፤ ተነሳች። የጋራዡ ሰው ሁሉ ሳቀ። ኸይሩ ጎማዋን በእርግጫ መታ፤ የተጎዳው እግሩ ነው።

ምክር ደግሞ በነፃ ነው። አቀበቱ ላይ በቆመች ቁጥር መንገደኛው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። አንዱ «መኪናዋ ናፍጣ ጨርሳለች» ይላል፣ ሌላው ፊልትሮ ነው ይላል፣ አንዲት ሴትዮ ዓይን አርፎባት ነው ብላ ምራቋን እንትፍ አለችባት። ናፍጣው ተሞላ፣ ፊልትሮው ተቀየረ፣ ምራቁም አልጠቀመም። ሚስቱ ዱንያ በበኩሏ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሸጠሃት ለምን አንገላገልም?» ትለዋለች። አይሸጣትም! ከሸጣትማ ምስክሩ ከእጁ ወጣ ማለት ነው።

በመጨረሻ መክብብ ነገሩን ሲያብላላው ከርሞ ጠራው። ሞተሩ ሲዞር የት ቦታ ላይ እንደደረሰ ለኮምፒዩተሩ የሚናገሩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ አንዱ ላይ ካሙ ጋ፣ አንዱ ታች ክራንኩ ጋ። ከሁለቱ አንዱ ሲሞቅ ዝም የሚል ከሆነ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለውና ናፍጣውን ይዘጋል። ሲበርድ ደግሞ መናገር ይጀምራል። ኸይሩ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ዓመቱን ሙሉ እየተናገረ ያላመኑትን ነገር አሁን አንድ ሰው በአፉ ተናገረለት።

መክብብ የላይኛውን ቀየረ። ኸይሩ በደስታ ቢጠና ደርሶ ሲመለስ ሁልጊዜ በምትገተርበት አቀበት፣ ባህር ዛፉ ሥር ቀጥ አለች።

«ለምን የላይኛውን ቀየርክ?» አለ ተመልሶ፣ ጆሮዎቹ በርበሬ መስለው።

«እጅ ይደርስበታላ!»

«እጅህ ስለደረሰ? ጥርስ ሐኪም ብትሆን ኖሮ የፊት የፊቱን ብቻ ነበር የምትነቅለው ማለት ነው!»

መክብብም አኮረፈ፤ ግን ገባበት። ፒክአፗን ከሥር በሚሠራበት ጉድጓድ፣ በፎሳው ላይ አቆማት፣ የታችኛውን ብረት ፈታ፣ የበዴሳን ጭቃና የዓመታት ዘይት በካቻቢቴ ፋቀ። ሴንሰሩ ቀበቶውን ከሚያዞረው ፑሌጃ ጀርባ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ተወሽቋል። ብሎኑ ዝጓል። ግማሽ ቀን በእጁ እየዳበሰ፣ እየተሳደበ፣ ናፍጣ እየቀባ ታግሎ አወጣው። ጣት የምታህል፣ ጅራት ያላት ጥቁር ነገር ናት። ከሻይ ቤት የፈላ ውሃ አስመጥቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ነከራትና በቴስተር ለካት። ቀዝቃዛ ሳለች ቁጥር ታሳይ የነበረችው ስትሞቅ ድምጥማጧ ጠፋ። አውጥቶ ቢያቀዘቅዛት ቁጥሩ ተመለሰ።

ኸይሩ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ጥቁሯን ነገር መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣት።

አዲሱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ተገጠመ። አቀበቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። እሱ ግን አሮጌዋን በመሐረብ ጠቅልሎ በቀጥታ ወደ ዘሐራ ጨርቅ ሱቅ ሄደ፤ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት።

«ይኸው! ያን ቀን ያስቀረችኝ ይህቺ ናት።»

ዘሐራ በመነጽሯ ሥር አየቻት፤ ከዚያ እሱን አየችው። «ይህቺ አዝራር?» አለች። «ከኡሚ ያስቀረችህ ይህቺ አዝራር ናት?» ብላ ሜትሯን አንስታ ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

ኸይሩ መንገድ ላይ እየተሳደበ ጋራዡ ደረሰ። «አዲሱን አውጣና ይህቺን መልሰህ ግጠማት» አለ።

የመክብብ መፍቻ ከእጁ ወደቀ። «አበድክ እንዴ? ያን ያህል ታግዬ ያወጣኋትን?»

«ለአንድ ቀን ብቻ። እህቴን አሳፍሬ በዴሳ ልሂድና በዓይኗ ትየው።»

«እኔ እኮ መካኒክ ነኝ! መኪና አበላሽልኝ ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ።» ቢሆንም አጉረምርሞ ገጠመለት፤ የኸይሩን ፊት አይቶ እምቢ ማለት አልሆነለትም።

የማሳፈሩን ነገር ዱንያ ተወጣችው። በዴሳ ያለችው ዘመዳቸው ናጂያ ወልዳ ነበር፤ ዱንያ ለዘሐራ ደውላ፣ «እትዬ፣ አራስ ልትጠይቂ በሚኒባስ ተጨናንቀሽማ አትሄጂም፤ ኸይሩ ያደርስሻል» አለቻት። ዘሐራ ወንድሟን እምቢ ትላለች እንጂ ዱንያን እምቢ ብላ አታውቅም። ለአራሷ የያዘችውን የቅቤ ማሰሮ ጉልበቷ መሃል ሸጉጣ፣ ጋቢና ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ፣ በዴሳ ደረሰች።

ሲመለሱ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ኸይሩ ማርሹን ዝቅ አድርጎ፣ ነዳጁን ረግጦ፣ ሞተሩን እያስጮኸ አቀበቱን ጀመረ። የመጀመሪያው ኩርባ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ላቡ ወረደ። ባህር ዛፉ ታየ፤ ባህር ዛፉም አለፈ። ፒክአፗ አዲስ የተገዛች ይመስል ትፈተለካለች።

«ቁሚ!» አለ በጥርሱ መሃል።

ዘሐራ ዘወር አለች። «ምን አልክ?»

«አንቺን አይደለም። ቁሚ እንጂ! ለመቆም አይደል እንዴ የለመድሽው! ዓመት ሙሉ ያቃጠልሽኝ፣ ዛሬ ምን ነካሽ? ቁሚ!»

«ኸይሩ! ልትገድለኝ ነው እንዴ? ቀስ በል!»

አልሰማትም። እየረገጠ፣ እየለመናት፣ እየረገማት አቀበቱን ጨረሰው። የዳሞታ ተራራ ከነደመናው ፊት ለፊት ቆመ፤ የሶዶ ቆርቆሮ ጣሪያዎች አብረቀረቁ። ፒክአፗ አንዴ እንኳ አልሳለችም። ኸይሩ ዳር ይዞ አቆመ፣ ቁልፉን አጠፋ፣ መሪውን በሁለት እጁ ደበደበው።

«ያን ቀን እንዲህ ብትሄጂ ምን ነበረበት?» ብሎ ጮኸ። «ያን ቀን! ከዛሬው ግማሹን ብትሄጂልኝ እደርስ ነበር እኮ! የኡሚን ፊት አይ ነበር፤ አፈሯን እመልስ ነበር!» ግንባሩን መሪው ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዘሐራ ባዶ ማሰሮዋን እንዳቀፈች ቀረች። ወንድሟን ሲቆጣ እንጂ እንዲህ ሲሆን አይታው አታውቅም። ዓመቱን ሙሉ ያላመነችውን ነገር፣ መኪናዋ ሳትቆም፣ አሁን አመነችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ቀን ሞተር ሳይክል እንኳ አላለፈም?» አለችው።

ይህን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀውም፤ ለማንምም አልነገረም። «አልፏል» አለ ቀና ሳይል። «አጠገቤ ቆሞ ና ላድርስህ አለኝ። ልክ ያኔ ተነሳችልኝ። ሂድ አልኩት።»

ዘሐራ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች፤ እጇ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። «አይ ወንድሜ» አለች። «እኔም ክፉ ነገር ተናገርኩህ። አላህ ይቅር ይበለን። በል አስነሳትና ወደ መቃብሩ እንሂድ፤ ቦታዋን አሳይሃለሁ።»

ኸይሩ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ ሞተሩ ግን ዝም። ደግሞ አዞረ። ዝም። ቆማ ሙቀቱን ስትጠጣ ሴንሰሯ አሁን ገና ጭጭ ብላለች።

እህትና ወንድም ተያዩ። ዘሐራ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቋ አመለጣት። «ወላሂ፣ እውነትህን ነበር!»

እሱ ግን እንደ ልማዱ ወርዶ ኮፈኑን እያነሳ ነበር። «ግድ የለም፣ ትንሽ ትብረድ እንጂ አሁን ትነ…» አለና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

ከታች አንድ ባጃጅ አቀበቱን እያቃሰተ ይመጣል። ኸይሩ ኮፈኑን ለቀቀው፣ ቁልፉን እንኳ ሳይነቅል አስፋልቱ መሃል ገባ፣ እጁንም ከፍ አድርጎ አነሳ።