ሠላሳ ሁለት የሚቀንሰው ባሌ

ባሌ ጅግጅጋ ውስጥ የግመል ወተት ማቀዝቀዣ ይጠግናል። አንድ ቀን በፓውንድና በፋራናይት የተጻፈ መመሪያ ይዞ መጣ። አንድ ፓውንድ ወተት በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ 0.93 ቢቲዩ ሙቀት ያስፈልጋል ይላል። ባሌ ወደ ኪሎና ሴልሺየስ ልለውጠው ብሎ ወዲያው ሠላሳ ሁለት ቀነሰበት። ውጤቱ ከዜሮ በታች ወረደ፤ በእሱ ስሌት ወተቱ እሳት ላይ ሲጣድ ይቀዘቅዛል ማለት ነው።

አሜሪካ ያለችው እህቱ በየቀኑ እየደወለች ብርዱን በፋራናይት ስለምትነግረው፣ ወደ ሴልሺየስ ለመለወጥ መጀመሪያ ሠላሳ ሁለት መቀነስ ለምዶበታል። እኔ ግን የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ንድድ አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ የሚቆጠረው ስንት ዲግሪ እንደጨመረ ብቻ ነው! ሠላሳ ሁለቱን ተወው። በኪሎ ካሎሪ፣ በኪሎና በሴልሺየስም ቢሆን ቁጥሩ ያው 0.93 ነው።»

ሠርቶ አየውና «ገባኝ፣ ገባኝ» ብሎ ሳቀ።

ማታ እህቱ ደወለች። «ዛሬስ ከትናንት በአሥር ዲግሪ ሞቆልናል» ስትለው ከንፈሩ «አሥር ሲቀነስ ሠላሳ ሁለት…» እያለ ተንቀሳቀሰ፤ ፊቱም ልውጥ አለ። ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ወደ እኔ ዞረ።

«ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ገብታለች! ያንን ወፍራም ብርድ ልብስ አምጪው፣ በሚሄድ ሰው እንላክላት።»

ብርድ ልብሱን አጣጥፌ ሰጠሁት።