ሥር ያልያዘው ሣር

ያን ቀን ታላቅ ወንድሜ ሸዋ በር በሚባለው አካባቢ ባለው የሰፈራችን መናፈሻ አዲስ የተከለውን ሣር ሲያጠጣ ዋለ። እኔ በጀሪካን ውኃ አመላልስለት ነበር። ቦታው ልጅ ሳለሁ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ሰፈርተኛው ተባብሮ ካጸዳው ወዲህ ጡረተኞች ይቀመጡበታል፣ ልጆችም ይጫወቱበታል። አትክልተኛው ወንድሜ ነበር።

የዕድራችን ዳኛ የሆኑት ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው በሣሩ ሊያቋርጡ ሲሉ ወንድሜ ጮኸ።

«አባባ፣ በድንጋዩ መንገድ ይሂዱ! ሣሩ ሥር አልያዘም። ሁለት ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ።»

«እስከዚያ እኔ ራሴ ከሣር በታች ብገባስ?»

«ያኔም በድንጋዩ ነው የምናሳልፍዎ!»

እሳቸውም ሳቁ።

ማታ ወንድሜ ወደ ቤት ሲመለስ ባጃጅ ገጨው። አልተረፈም። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት የዕድሩ ሰዎች የለቅሶውን ድንኳን ይዘው መጡ። የእኛ መንገድ ጠባብ ስለሆነ መናፈሻው ውስጥ፣ ሣሩ ላይ ችካል መምታት ጀመሩ። ሐዘንተኛ ከቦታው አይነሣም። እኔ ግን ተነሥቼ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄድኩ።

«አባባ፣ ሁለት ሳምንት ይታገሱኝ ብሎዎት ነበር» አልኳቸው።

ሽማግሌው ችካል ወደሚመቱት ሰዎች ዞሩ። ከዚያ «ችካሉን ንቀሉ፤ ድንኳኑ ድንጋዩ መንገድ ላይ ይሁን» አሉ። ድንጋይ ችካል ስለማይቀበል ገመዱን ከዛፎቹና ከአጥሩ ጋር አሰርነው።

ሣሩ ሥር እንደሚይዝ እርግጠኛ ነበርኩ። ጀሪካኑን ሞልቼ፣ ወንድሜ ካቆመበት ጀምሬ አጠጣሁት።